ስለ መንጋው አባት አመራረጥ
በደባርቅና በዳባት ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር



ከጎንደር ተነሥቶ ወገራን አቋርጦ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ፥ መሬቱ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር እርሻው እየሳሳ በጉ ግን እየበዛ ሲሄድ ያያል። በወገራ ሜዳ ስንዴና ገብስ የገበሬው መመኪያ ነው። ከደባርቅ በላይ ወደ ሰሜን ተራራ ሲወጡ ግን ውርጭ ያየለበት፥ ከገብስ በቀር ሌላ እህል እምብዛም የማይሆንበት አገር ይመጣል፤ በዚያም የሚኖር ሰው ጥሪቱን የሚቆጥረው በበግ ነው። ለግብር፥ ለልጅ ልብስና ደብተር፥ ለሠርግ፥ ለተዝካር፥ ለሕመምተኛ መድኃኒት ገንዘብ በተፈለገ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ገበያ የሚነዳው በግ ነው። በሬ ቢሸጥ እርሻ ይቆማል፤ በግ ቢሸጥ ግን እናቲቱ ሌላ ትወልዳለች ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡም እውነት ነው። ነገር ግን የምትወልደው ከማን ነው? ይህ ንግግር የተሰናዳው ይህን አንድ ጥያቄ ለመመርመር ነው።

የሁዳዴ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ወደ ደባርቅ ገበያ የሚነዳውን በግ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ነጋዴው ወገቡን ይዳብሳል፥ ላቱን በእጁ ይመዝናል፥ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ከመጣውም መካከል ፈጥኖ ያደገውን፥ ደረቱ የሰፋውን፥ ቁመናው ያማረውን ጠቦት መርጦ ይገዛል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሸጣል፤ ዋጋ የሚያወጣለት እርሱ ነውና። ገና ዓመት ያልሞላው ጠቦት እንዲህ ሆኖ ወደ ጎንደርና ከዚያም ወዲያ ይሄዳል። በመንጋው ውስጥ የሚቀረው ወንድ ማን ነው? ነጋዴ ያልፈለገው፥ እግሩ የሰለለ፥ በልጅነቱ ሳል የያዘው፥ ዕድገቱ የዘገየው ነው። ሴቶቹም በጎች አባት በፈለጉ ጊዜ ከእርሱ በቀር ሌላ አያገኙም፤ የሚመጣው ዓመት ግልገል ሁሉ የእርሱ ልጅ ይሆናል።

የአገራችን ገበሬ በእህል እንዲህ አያደርግም። ገብሱን ወቅቶ ካበራየ በኋላ ዘሩን ይለያል፤ ፍሬው የሞላውን፥ ነቀዝ ያልነካውን በጎታ ለብቻው ያኖራል፤ ክረምት ገብቶ ቤተ ሰቡ ቢቸገር እንኳ ያን ዘር መንካት እንደ ነውር ይቆጠራል። በበጉ ግን ምርጡን ሸጦ ግርዱን ይዘራል። ይህንም የሚያደርገው ስንፍና ይዞት አይደለም። የእህል ዘር ቢከፋ ጉዳቱ በዚያው ዓመት በአውድማው ላይ ይታያል፤ የበግ ዘር ሲከፋ ግን ጉዳቱ በየትውልዱ ጥቂት በጥቂት ስለሚመጣ፥ ሰው ሁሉ ሣሩን ወይም ዘመኑን ይወቅሳል እንጂ አውራውን አይወቅስም። ሽማግሎች በቀድሞ ጊዜ የነበረው በግ ከዛሬው የተለቀ ነበር ሲሉ ይሰማል። የግጦሹ መጥበብ የዚህ ነገር ትልቅ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ግን ብቻውን አይደለም። የእንስሳት እርባታ ሊቃውንት በኢትዮጵያ ደጋ ያለውን መንጋ በመረመሩ ጊዜ ይህን ልማድ አግኝተውት፥ ወደ ኋላ የሚሄድ ምርጫ ብለው ጽፈውታል።

መምህራን ይህን ነገር ለልጆች በቁጥር ትምህርት ሊያስረዱት ይችላሉ። በግ 5 ወር ያህል፥ ማለት 150 ቀን ገደማ አርግዛ ትወልዳለች። አንድ ጤነኛ አውራ ከ25 እስከ 30 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል። እንግዲህ በአንድ ጎጥ ውስጥ 25 ሴት በጎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸውም በዓመት አንድ አንድ ግልገል ቢያሳድጉ በ2 ዓመት 50 ግልገል ይሆናል። አንዲት እናት በዚህ ጊዜ ውስጥ የራስዋን ዘር የምታወርሰው ለ2 ግልገል ብቻ ነው። አውራው ግን ለ50ዎቹም ያወርሳል። ግልገል ከተፈጥሮው እኩሌታውን ከአባቱ፥ እኩሌታውን ከእናቱ ይወስዳልና፥ የመንጋው ሁሉ እኩሌታ በአንድ በግ ቆዳ ውስጥ ተቋጥሮ ይገኛል ማለት ነው። ሰው ይህን ከተረዳ በኋላ ያን አንዱን በግ በ2 ወይም በ3 መቶ ብር ልዩነት ለነጋዴ መስጠት ይከብደዋል።

ይህ ምርመራ ለኦሪት አንባቢ እንግዳ አይደለም። ያዕቆብ የላባን መንጋ ይጠብቅ በነበረ ጊዜ የተላጠ በትር በውኃ ማጠጫው ፊት እንዳኖረ፥ ይህንም ያደረገው ብርቱዎቹ በሚፀንሱበት ጊዜ እንጂ በደካሞቹ ጊዜ እንዳልሆነ ተጽፏል። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያነብ ዓይኑ በበትሩ ላይ ይቀራል። በትሩ ግን የግልገል መልክ እንደማይለውጥ የዛሬ ሳይንስ በምርመራ አረጋግጧል። ዋናው ቁም ነገር ያለው በቀጥለው ምዕራፍ ነው፤ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው በሴቶቹ ላይ የሚወጡት አውራዎች ዝንጉርጉርና ነቁጣ ያለባቸው መሆናቸውን ነውና። ብርቱውን ከደካማው መለየትና አባቱን መመልከት፥ የእርባታ ጥበብ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

በአውሮፓ ይህን ነገር በሥራ ያሳየው እንግሊዛዊው ገበሬ ሮበርት ቤክዌል ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤክዌል ከ1725 እስከ 1795 የኖረ ሰው ነው። እርሱ ከመነሣቱ በፊት በአገሩ ወንዱና ሴቱ በግ በሜዳ ተቀላቅሎ ይኖር ነበር። ቤክዌል ወንዶቹን ለይቶ አስቀመጠ፤ የትኛው ከየትኛዋ እንደሚገናኝ ራሱ ወሰነ። አውራዎቹንም አልሸጠም፤ ለጎረቤት ገበሬዎች ለአንድ ወራት ያከራይ ነበር። ኪራዩ ገንዘብ አስገኘለት፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሚበልጥ ጥቅም ነበረው፤ ልጆቻቸው በሌላ ሰው መንጋ ውስጥ እንዴት እንዳደጉ አይቶ ከሁሉ የተሻለውን አባት ለይቶ ያውቅ ነበርና። የአውራ ዋጋ በመልኩ ሳይሆን በልጆቹ የሚታወቅ መሆኑን ከዚያ ወዲህ የማይቀበል አርቢ የለም።

ቤክዌል ይህን ሁሉ ሲሠራ ዘር ከአባት ወደ ልጅ በምን ሥርዓት እንደሚተላለፍ አያውቅም ነበር። ያን ሥርዓት ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነው። በብሩን ከተማ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራ ለብዙ ዓመታት ከቆጠረ በኋላ በ1865 ያገኘውን ለሊቃውንት ማኅበር አነበበ፤ በ1866ም ታተመ። የሚሰማው ግን አላገኘም፤ ሥራው ተመልሶ የተነሣው እርሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ በ1900 ነው። ሜንዴል የተጠቀመበት መሣሪያ የአተር ፍሬ፥ እርሳስና መዝገብ ብቻ ነበር። የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ከእነዚህ አንዱም አይጎድለውም።

በኢትዮጵያ የበግን ዘር ለማሻሻል የተደረገው ትልቁ ሥራ የተጀመረው በደብረ ብርሃን ነው። በ1967 የበግ እርባታ ጣቢያ ተቋቁሞ እንደ ሮምኒ፥ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ያሉ የውጭ አገር በጎች መጥተው ከመንዝ በግ ጋራ ተዳቀሉ። በ1980ም አዋሲ የሚባለው ላተ ሰፊ በግ ከእስራኤል አገር መጣ። ዲቃሎቹ በጣቢያው ውስጥ መኖ እየተሰጣቸው በእርግጥ ከመንዙ በግ ይልቅ አደጉ። ወደ ገበሬው ቤት ሲወርዱ ግን ነገሩ ሁሉ እንደ ጣቢያው አልሆነም። የሚታደለው አውራ ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ በገለባና በሳር ብቻ የሚያድር መንጋ የትልቁን በግ ሆድ አይሞላም፤ አንዳንዱም ገበሬ መልኩን አልወደደውም። ከዚያም በላይ ማኤዲ ቪስና የሚባል፥ በግን ቀስ በቀስ የሚገድል የሳንባ በሽታ በጣቢያዎቹ ተገኝቶ የማደሉን ሥራ አሰናከለው። ይህ ማለት የውጭ በግ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ መኖና ሐኪም በቅርብ ባለበት ቦታ ዛሬም ይጠቅማል። ከደባርቅ በላይ ባለው ውርጭ ግን መኖ የሚገዛ ገበሬ ከየት ይገኛል?

በዚህ ምክንያት ሊቃውንቱ ዓይናቸውን ወደ አገሩ በግ መለሱ። ሰሎሞን ግዛው የሚባሉ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በ2008 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍል የ14 ወገን በጎችን ከመልካቸውና ከደማቸው መርምረው በ9 ዘር ለይተዋቸዋል። ከዘጠኙም አንዱ የሰሜን በግ ነው። ከመንዝ፥ ከሰቆጣና ከወሎ በግ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዘር ሆኖ ተገኝቷል። ላቱ አጭር ነው፤ ከጠጉሩ በታች ሌላ ለስላሳ ጠጉር ስላለው ውርጩን ይችላል፤ ከደጋ በጎችም ሁሉ በአካሉ ተለቅ ያለ ነው። የደባርቅ ሰው በየቀኑ ወደ ሜዳ የሚያሰማራው በግ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የማይገኝ ሀብት መሆኑን ልጆች ከትምህርት ቤት ሊሰሙት ይገባል። ይህ በግ ቢጠፋ ወይም ባልታሰበ ድቅል ቢበላሽ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚተካ አይደለም።

የአገሩን በግ ከራሱ ከአገሩ በግ በመምረጥ ለማሻሻል የሚቻልበት መንገድ በ2009 በመንዝ፥ በሆሮ፥ በቦንጋና በአፋር ተጀመረ። ሥራውን ያቀናጁት የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋማት፥ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማእከልና ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በቪየና ከሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆነው ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በአንድ ግጦሽ የሚያሰማሩ ገበሬዎች ይሰበሰባሉ፤ መንጋቸውም እንደ አንድ መንጋ ይቆጠራል። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው ተመርጦ ግልገል በተወለደ ቁጥር የተወለደበትን ቀን፥ እናቱን፥ አባቱን፥ ክብደቱን ይጽፋል፤ ጆሮውም ላይ ቁጥር ይንጠለጠልበታል። ጡት ሲጥልና 6 ወር ሲሞላው እንደ ገና ይመዘናል። ከዚህ በኋላ ጠቦቶቹ በአንድ በረት ተሰብስበው ሽማግሎች የተቀመጡበት ጉባኤ ይመርጣቸዋል።

የምርጫው ቀን ነገር ሰፋ አድርጎ ሊነገር የሚገባው ነው፤ የሊቁና የገበሬው ዕውቀት የሚገናኘው በዚያ ነውና። ሊቁ ከመዝገቡ ቆጥሮ የትኛው ጠቦት በክብደት እንደሚበልጥ ይናገራል። ነገር ግን ክብደቱ ብቻውን አይታይም። ብቻውን የተወለደ ግልገል ከመንታው ይከብዳል፤ የእናቱን ወተት ብቻውን ጠብቷልና። የመጀመሪያ ልጅዋን የወለደች ቄብ ወተቷ ከጎለመሰችው ያነሰ ነው። በጥቅምት የተወለደና በየካቲት የተወለደ አንድ ሣር አልበሉም። ስለዚህ መንታው ከመንታ ጋራ፥ የቄብ ልጅ ከቄብ ልጅ ጋራ፥ አንድ ወራት የተወለዱትም እርስ በርሳቸው ይመዘናሉ። ይህ ካልተደረገ ምርጫው የሣርና የወተት ምርጫ ይሆናል እንጂ የዘር ምርጫ አይሆንም። በአንድ ዕድሜ ባሉ ጠቦቶች መካከል ከሚታየው የክብደት ልዩነት ወደ ልጅ የሚወረሰው ከእኩሌታው ያነሰ ነው፤ የቀረው የመኖ፥ የእናትና የጤና ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሎቹ ቀንዱን፥ ላቱን፥ መልኩን፥ እግሩን አይተው ይፈርዳሉ። ሊቁ አንደኛ ያለውን በግ ሽማግሎቹ በመልኩ ምክንያት ሦስተኛ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የሚገዛውም ሰው መልክ ያያልና ፍርዳቸው በከንቱ አይደለም። የተመረጠው በግ ከባለቤቱ በማኅበሩ ገንዘብ ይገዛል፤ ባለቤቱ ነጋዴው ይሰጠው የነበረውን ዋጋ አያጣም። ያልተመረጡት ወይ ይሸጣሉ ወይ ይኮላሻሉ።

ውጤቱስ? ከ10 ዓመት በኋላ በተደረገው ምርመራ የ6 ወር ጠቦት ክብደት ከዘሩ የተነሣ በቦንጋና በሆሮ በየዓመቱ 200 ግራም ገደማ፥ በመንዝ ደግሞ 100 ግራም ገደማ እየጨመረ መሄዱ ታውቋል። ይህን የሚሰማ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ 100 ግራም አንድ እፍኝ ሥጋ ነውና። ነገር ግን የመንዝ ጠቦት በ6 ወሩ ከ15 ኪሎ እምብዛም የማያልፍ መሆኑን፥ ጭማሪውም ያለ ተጨማሪ መኖ፥ ያለ ውጭ አገር በግ የተገኘ መሆኑን፥ ከሁሉም በላይ ያገኙትን የማያስመልስ መሆኑን ያስቡት። መኖ የሰጡት በግ መኖው ሲቀር ይከሳል፤ በዘር የገባ ነገር ግን ወደ ልጅ ልጅ ይሄዳል። ደግሞም ምርጫ ባልነበረ ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ አልነበረም፤ በተገላቢጦሹ ይቀንስ ነበር።

በሰሜንና በወገራ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን፥ ግልገሉ የሚገባበት ከረጢት፥ አንድ ደብተር። ደብተሩን ለመያዝ ከትምህርት ቤት የተሻለ ስፍራ አይገኝም። እረኞቹ ተማሪዎች ናቸውና፥ የትኛዋ በግ ማታ በሜዳ እንደ ወለደች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መምህሩ በየገጹ ስድስት ዓምድ ያሰምራል፤ የግልገሉን ቁጥር፥ የተወለደበትን ቀን፥ እናቱን፥ አባቱን፥ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑን፥ ክብደቱንም በየተራው ያስጽፋል። ልጆች በዚህ መደመርና ማካፈልን ይለማመዳሉ፤ አባቶቻቸውም ልጃቸው ያነበበውን ይሰማሉ። ከመዝገቡ መርሳት የሌለበት የሞተው ግልገል ነው። የሞተውን የማይጽፍ ሰው የቀሩት ብቻ ስለሚታዩት ሁሉ ያማረ ይመስለዋል።

ስለ መፅነስም ጥቂት መናገር ያሻል። ሴት በግ ካልፀነሰች በ17 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ አውራ ትፈልጋለች፤ ፍላጎትዋም ከአንድ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ይቆያል። አውራ በግ ከሴቶቹ ጋራ 51 ቀን ቢቆይ እያንዳንዷ 3 ጊዜ ዕድል ታገኛለች። በ3ቱም ያልፀነሰች ወይ ከስታለች፥ ወይ ታማለች፥ ወይ መኻን ናት። ሦስቱን መለየት ይገባል፤ የከሳችውን መኻን ብሎ መሸጥ ኪሳራ ነውና። የአገራችን በግ ዓመቱን ሙሉ ስለምትፀንስ የመውለጃውን ወራት መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ይህም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ግልገል ሣር በሚበዛበት በመስከረም መጨረሻ እንዲወለድ የፈለገ ሰው አውራውን በሚያዝያ መጨረሻ ያገናኛል። ነገር ግን በሚያዝያ በጋው ሜዳውን አድርቆት ሴቶቹ ስለሚከሱ ብዙዎቹ አይፀንሱም። በመስከረም ጠግበው ሳሉ ቢገናኙ ደግሞ ግልገሉ የሚወለደው በየካቲት ሣሩ ባለቀ ጊዜ ነው። በክረምቱ መካከል የተወለደውን ብርዱና ጭቃው ይገድለዋል። ከዚህ ችግር የሚያወጣው ድርቆሽ ነው። በኅዳር ታጭዶ የተከመረ ሣርና የገብስ ገለባ፥ ከመገናኛቸው በፊት 3 ሳምንት ለሴቶቹ ቢሰጣቸው ሰውነታቸው ይመለሳል፤ የሚፀንሱትም ይበዛሉ፥ መንታ የሚይዙም ይገኛሉ። ለበሬ ብቻ ገለባ የሚያከማች ቤት ለእናት በግ ጥቂት ሸክም ቢተርፍ አይጎዳም።

የአውራውም መፅነሻ ነገር ከመገናኛው ወራት በፊት ይመርመር። ሁለቱም ቆለጦቹ የወረዱ፥ እኩል የሆኑ፥ ሲነኩ ያልላሉ ያልደረቁም ይሁኑ። አንዱ ቆለጡ ያልወረደ በግ ሴት ሊያጠቃ ይችላል፤ ጉድለቱ ግን ወደ ልጆቹ ይወርሳልና ለዘር አይሁን። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአውራው ዘር በሰውነቱ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ 7 ወይም 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጋቢት ብርቱ ትኩሳት የያዘው በግ በሚያዝያ ድኖ ሲዘልል ቢታይ እንኳ ዘሩ ገና አልተመለሰም። ሴቶቹን ሁሉ ያጠቃል፤ የሚፀንሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቱም ሴቶቹን ይወቅሳል።

በጎች የሚጨነግፉ ከሆነ ነገሩ ቀላል ተደርጎ አይታይ። ውርጃ የሚያመጡ ተላላፊ ደዌዎች አሉ፤ ከእነርሱም ወደ ሰው የሚተላለፉ ይገኛሉ። የወረደውን በባዶ እጅ መንካት፥ ለውሻም መስጠት አይገባም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ነፍሰ ጡር ሴት ከቶ አትቅረበው። የወረዳው የእንስሳት ሐኪምም በቶሎ ይጠራ።

በዘመድ መካከል ስለሚሆነው መጋባት ሽማግሎች ከሊቃውንት በፊት ያውቃሉ፤ ለሰው እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጥር ሕዝብ ለበጉ አንድ ትውልድ ሊቆጥር አይቸግረውም። አውራ ገና ልጆቹ ሳይደርሱ ከመንጋው መውጣት አለበት። ሴት ልጁ በዓመት ውስጥ ልትፀንስ ትችላለችና፥ በአንድ መንጋ 2 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ወደ ሌላ ጎጥ ይዛወር፤ ከዚያም የእነርሱ አውራ ወደዚህ ይምጣ። ዳባት ለደባርቅ፥ ደባርቅ ለዳባት እንዲህ ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዘመድ ከዘመድ እየተጋባ የሄደ መንጋ ግልገሉ ደካማ፥ እናቱም ለመፅነስ የምትዘገይ ይሆናል። በሰሜን ተራራ ያለው ዋልያ፥ ከዓለም ሁሉ በዚያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ ከሺሕ የማይሞላው፥ ሊቃውንትን የሚያስጨንቃቸው በአዳኝ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ዘሩ በጥቂቶች መካከል ተዘግቶ መቅረቱም ነው። ዋልያ ወደ ሌላ ጎጥ ሄዶ አያገባም፤ በግ ግን ባለቤት አለው።

ስለ ከብት ነገር በአጭሩ። ላም በ21 ቀን ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎትዋም ከቀኑ እኩሌታ ብዙ አያልፍም። በሰው እጅ የማስፀነስ ጥበብ መነሻው ላዛሮ ስፓላንዛኒ የሚባል የኢጣልያ ቄስ ነው፤ በ1780 አንዲትን ውሻ ያለ ወንድ አስፀንሶ በ62 ቀንዋ 3 ቡችሎች ወልዳለች። በ1949 የእንግሊዝ ሊቃውንት ዘርን አቀዝቅዞ ለማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ስላገኙ፥ የአንድ ኮርማ ዘር ዛሬ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከቃሊቲ እስከ ደባርቅ ይሄዳል። ነገር ግን ባለሙያው ከደረሰ በኋላ የላሚቱ ጊዜ ቢያልፍ ዘሩ ከንቱ ነው። ጧት ኮርማ ስትፈልግ የታየች በዚያው ማታ፥ ማታ የታየች በማግሥቱ ጧት ትሠራ። እረኛው ይህን ቢያውቅ ባለሙያው ብዙ ጊዜ በከንቱ አይመላለስም። ለበግ ግን የቀዘቀዘ ዘር ብዙም አይሠራም፤ የማኅፀንዋ አፍ ጠባብና ጠማማ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በበግ ነገር ዛሬም ሁሉ የሚያርፈው በሕያው አውራ ላይ ነው።

ሽማግሎች አንድ ነገር መናገራቸው አይቀርም፤ ድኻ ሰው ለፋሲካ ገንዘብ ሲፈልግ መልካሙን ጠቦት አትሽጥ ማለት እንዴት ይቻላል? ክርክሩ ትክክል ነው። ከመንዝ የተገኘውም ልምድ ይህን ይመሰክራል፤ ማኅበሩ ገንዘብ አስቀድሞ ባላሰባሰበበት ስፍራ መልካሙ በግ ከምርጫው ቀን በፊት ወደ ገበያ ይሄዳልና። 25 እናት በግ ላለው ጎጥ የሚያስፈልገው አውራ አንድ ነው፤ ለጥንቃቄም ሁለት። 10 ቤት ያለው ጎጥ የሁለት ጠቦት ዋጋ ለማዋጣት እያንዳንዱ ቤት የሚሰጠው የአንድ ጠቦት ዋጋ አንድ አምስተኛ ነው። ይህም ገንዘብ አይጠፋም፤ አውራው 2 ዓመት አገልግሎ ሲወጣ ተኮላሽቶ ይሰባል፤ ሙክትም ሆኖ ሲሸጥ ከተገዛበት ዋጋ አብልጦ ያወጣል፤ በእርሱም የሚቀጥለው ጠቦት ይገዛል። ዕቁብና ዕድር የለመደ አገር ይህን ለማድረግ አዲስ ሥርዓት መማር አያስፈልገውም።

የማኮላሸቱ ሥራ ግን መቅረት የለበትም። ምርጫው ካለቀ በኋላ ያልተመረጠ ወንድ ከመንጋው ጋራ ከዋለ የተመረጠው በግ ድካም ከንቱ ነው፤ ጠቦት ከ6 ወሩ ገደማ ጀምሮ ሴት ያጠቃልና፥ እረኛው ዞር ባለ ጊዜ አባት የሚሆነው ፈጣኑ እንጂ የተመረጠው አይደለም። በድንጋይ መቀጥቀጥ እንስሳውን ያሠቃየዋል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል። በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ቡርዲዞ የሚባል ጉጠት አለ፤ ቆዳውን ሳይቀድ የውስጡን ጅማት ይሰብራል፤ ሥራውም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ቀኑ ከክረምት በፊት ዝንብ ሳይበዛ፥ በግንቦት መጀመሪያ ቢሆን መልካም ነው። ያን ጊዜ የተኮላሸው ጠቦት በመስከረምና በጥቅምት ሣር በልቶ ለገና ሙክት ይደርሳል፤ ነጋዴውም ከደባርቅ ገበያ የሚፈልገውን አያጣም።